የአማቴ ንቦችና አዲሱ መንደር

ከጋፋት በላይ ካለው ተረተር ላይ ወዳለው ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ሐሳባቸው ሁሉ ንቦቻቸው ላይ ነበር። ቀፎዎቹ በጓሮው ግድግዳ ጥግ ተደርድረዋል። የቅርብ ጎረቤታችን ከሸለቆው ማዶ የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። ጧት ጧት አማቴ ከዚህ፣ ባልቴቷ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደኅና አደሩ ይባባላሉ።

ደርግ መንደር ምሥረታ ያለ ጊዜ ካድሬዎች ገመድና ችካል ይዘው መጥተው ከመኪናው መንገድ አጠገብ ያለውን ሜዳ ሸነሸኑት። አንድ ላይ ብትሰፍሩ ትምህርት ቤትም የቧንቧ ውኃም ይገባላችኋል አሉን። እኔ ከምንጭ ውኃ መቅዳት ሰልችቶኝ ስለነበር ደስ አለኝ። አማቴ እጃቸውን አውጥተው "ንቦቹስ?" ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ።

"ንብም በማኅበር ነው የሚኖረው፣ አባት" አላቸው ካድሬው።

ቤታችንን በገዛ እጃችን አፈረስን። ባሌ ወጋግራውን፣ እኔ ሣሩን ተሸከምን። አማቴ የቀፎዎቹን አፍ በእበት ደፍነው አንድ በአንድ አጓጓዙ።

በአዲሱ መንደር የባልቴቷ ደጃፍ ከእኛ ጓሮ ጋር ገጠመ። መጀመሪያ ላይ ባልቴቷ "ተመስገን፣ ጉሮሮዬ አረፈ" እያሉ ይሥቁ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ማሩ ሊቆረጥ ሲደርስ፣ ንቦቹ በጠራራ ፀሐይ ተነሡ። የባልቴቷ በቅሎ ደጃፋቸው ላይ ታስራ ነበር። ጋቢ ተከናንቤ፣ የሚጨስ እበት ይዤ ስደርስ በቅሎዋን ንቦቹ ነድፈዋት ዓይኗ ተደፍኗል። ሳይመሽ ሞተች። ባልቴቷን እግራቸውን ሲያማቸው ወንዛዬ ፍልውኃ የምታደርሳቸው እሷ ነበረች።

በማግሥቱ አማቴ ጊደር እየሳቡ፣ እኔን አስከትለው ወደ ባልቴቷ ሄዱ።

"እባክዎ፣ ይቀበሉኝ" አሉ ቆመው።

"ይመልሷት። ጊደር ወንዛዬ ታደርሰኛለች?" አሉ ባልቴቷ። ቀጥለውም፣ "ማዶ ለማዶ ሳለን እኮ ማርዎን እንጂ ንብዎን አላውቀውም ነበር" አሉ። አማቴ ጊደሯን እየሳቡ ተመለሱ።

ቀፎዎቹን ወደ ፈረሰው ቤታችን መልሰው ወሰዷቸው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን እዚያ መዋል ከለከላቸው። ጠባቂ ሲጠፋ ጉንዳን ገባ፤ የተረፉትም ንቦች ኮበለሉ። አንድ ቀን አማቴ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡና "ሄዱ" አሉኝ። እግራቸውን አጠብሁላቸው። ከዚያ ወዲያ ጓሮ ሲወጡ አላየኋቸውም። በቀጣዩ ክረምት ብርድ መታቸው፤ አልተነሡም። ባልቴቷ ለቀብሩ በምርኩዝ ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መሄድ ስላልቻሉ ከመንደሩ ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

የቧንቧው ውኃ ሳይገባ ደርግ ተዳከመ። ሰውም እንደገና ቤቱን እያፈረሰ ወደየቦታው ተበተነ፤ እኛም ተመለስን። ባልቴቷ ግን ቤት የሚያቆምላቸው ዘመድ አልነበራቸውም። ባሌን "እንሥራላቸው" ስለው እሺ አለ፤ እሳቸው ናቸው እንቢ ያሉት።

"አሁንስ ከማዶ ማን ይጠራኛል ብዬ?" አሉኝ።

እዚያው ባዶ ሜዳ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። እስኪሞቱ ድረስ ከምንጭ ውኃ እየቀዳሁ አደርስላቸው ነበር።