እሷ ባለችበት

ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በጠረኑ ነው፤ እርጥብ ምንጣፍ፣ የሽንት ባልዲ፣ የብዙ ሴት ላብ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ቆሜ ቀረሁ፤ መቀመጫ የሚሆን ባዶ ቦታ አልነበረም። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ በፎንቆ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ወፍራም ሴት ነበረች። አንዷን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ "ለእማማ ቦታ ልቀቂ" አለቻት። ግድግዳው ጥግ አስቀመጡኝ። የክፍሉ ሕግ እንዲህ ነበር፤ አዲስ የገባች ባልዲው አጠገብ ትተኛለች፣ አሮጊት ግን ግድግዳ ይሰጣታል። እዚያ ከነበረው ሕግ ሁሉ የወደድኩት እሱን ብቻ ነው።

ያሳሰረኝ አፌ ነው። የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ያለ ሥራ ቤት ተቀምጣ ነበር። አንድ የውጭ ረድኤት ድርጅት ሆሳዕና ላይ ሰው ሊቀጥር ነው ተባለ፤ በየቀበሌው እየዞረ የተጎዱ ሕፃናትን የሚለይ ሠራተኛ። ልጅቷ ተመዘገበች፤ ለፈተና እንኳን አልጠሯትም። ብትጠይቅ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የለሽም አሏት። እንደሷ የቀሩ ልጆችና ወላጆች ተሰብስበን አስተዳደሩ ደጅ ላይ መልስ ጠየቅን። እኔ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ፖሊስ ሲመጣ ሌሎቹ ተበተኑ። እኔ አልተበተንኩም፤ ጉልበቴም አይሮጥም። ሁከት ቀስቃሽ ተባልኩ።

በማግስቱ አንዲት ሴት አመጡ። የዚያው ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ ናት፤ ሠራተኛ የምትቀጥረውም የምታሰናብተውም እሷ። ጫማዋን በር ላይ አስወልቀዋት በካልሲ ቆመች። ሴቶቹ ማን እንደሆነች ሲያውቁ ወሬያቸውን አቆሙ።

"የልጆቻችንን እንጀራ የዘጋችው መጣችልን" አለች ካቦዋ፣ በአገጯ ወደ ባልዲው እያሳየቻት። ሴትየዋ ሳትከራከር ሄዳ ተቀመጠች።

ከየቤታችን የሚመጣውን ምግብ አንድ ላይ ነበር የምንበላው። እሷን ማንም ነይ አላላትም። ለራሷ የሚያመጣላትም አልነበረም፤ ቤተሰቦቿ ከምባታ፣ ሺንሺቾ ናቸው፣ የቢሮ ባልደረቦቿ ደግሞ ፈርተዋል። ስንበላ ፊቷን አዙራ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ትጎነጭ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የማን አያት እንደሆንኩ ነገርኳት።

"የልጅ ልጄ ልምድ ከየት ታምጣ? ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ትግዛ?"

"እማማ፣ መመሪያው ነው። እኔ አላወጣሁትም።"

"ማን አወጣው?"

"ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ከዋናው ቢሮ።"

"ያወጣው ሰው ሆሳዕናን ያውቃታል?"

እሱን ትታ ለምን እንደታሰረች ነገረችኝ። አንድ ሹም ደውሎ እነ እገሌን ቅጠሪልኝ ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ይወዳደሩ አለችው። ከዚያ ወዲህ ሰላም አላገኘችም፤ በመጨረሻ ጉቦ ትቀበላለች ተብላ ታሰረች።

"እሱም አልቀጠርሽልኝም ይላል፣ እናንተም አልቀጠርሽልንም ትላላችሁ" አለች።

"እኔንና እሱን አንድ ላይ አትቁጠሪን" ብያት ወደ ግድግዳዬ ተመለስኩ።

ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ በሀዲይኛ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ያን ያህል ትሕትና ሳይ ነገር እንዳለው ገባኝ። ሴትየዋ የልጅ ልጄን ለመቅጠር ጉቦ ጠይቃኛለች ብዬ ቃሌን እንድሰጥ ፈለገ። እንዲያ ካልኩ ዛሬውኑ ቤቴ እገባለሁ፤ ልጅቷም ሥራ ታገኛለች። ሴትየዋ የከምባታ ሰው ናት፣ ለእርስዎ ምንዎ ናት ብሎ ጨመረበት።

አላሰብኩበትም ብል ውሸት ነው። ያቺ ልጅ ጠዋት የምትነሳበት ምክንያት ጠፍቶባት ፊቷን በብርድ ልብስ ሸፍና ስትተኛ አይቻለሁ። ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቅለንላት፣ ባየሁት ቁጥር ያመኛል ብላ ራሷ አውርዳዋለች። አንድ ቃል ብናገር ትነሳ ነበር። ሻዩ ፊቴ እንፋሎቱን እያወጣ ተቀምጧል።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲቀመጥ ሰው የሚከሰሰው ባለበት ነው። የሌለን ሰው መክሰስ የጀመረ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ይጠራ ይባላል። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ይህን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

"እሷ ባለችበት እናገራለሁ" አልኩት።

ደስ አለው። ፊት ለፊት የማዋርዳት መስሎት ቶሎ አስጠራት። በካልሲዋ ገባች፤ ካልሲው ረጥቧል። እሷም እንድትሰማ ብዬ በአማርኛ ተናገርኩ።

"ልምድ አምጪ ብለሽ የልጅ ልጄን በድለሻታል። ይሄ ፍርድ አይደለም፣ እስክሞት ድረስ ይህንኑ እላለሁ። ጉቦ ግን አልጠየቅሽኝም። ከትናንት በፊት ፊትሽንም አላውቀው።"

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እማማ፣ የኋለኛውን ይተዉት። የመጀመሪያውን ብቻ…"

"ሁለቱንም ጻፍ። ሁለቱንም ነው የተናገርኩት።"

"እውነታቸውን ነው" አለች ሴትየዋ፣ ቀስ ብላ። "ልጅቷ ተበድላለች።"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አላት። ምንም አልጻፈም። ፖሊሱ ሁለታችንንም ሲመልሰን ሻዩ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ልጄ አተካና ልካልኝ ነበር፤ ቡላ በቅቤና በአይብ የተሠራ፣ ገና ሙቀቱ ያልወጣ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው ጠበቁኝ። ሳህኑን ይዤ አለፍኳቸውና ባልዲው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ነይ ብዪ" አልኳት።

ሳህኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ታረቅን ማለት ነው፣ እማማ?"

"አልታረቅንም። ብዪ።"

በላች። ጥቂት ቆይታ ካቦዋ ቆጮዋን ይዛ እያጉረመረመች መጣች፤ በዚህ ሽታ መሃል ይበላል ወይ እያለች አጠገባችን ዘፍ አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ያን ቀን ሁላችንም ባልዲው አጠገብ በላን።

እኔን ቀድመው ለቀቁኝ፤ ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። እሷ ከኔ በኋላ ብዙ ቆይታ ወጣች። ሥራውንም ለቀቀች። የልጅ ልጄ አሁን ጊምቢቹ ከተማ በሰው ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። ዲግሪው አልጋ ሥር ነው። በድርጅቱ በር ሳልፍ ማስታወቂያ ተለጥፎ ካየሁ ቆሜ ፊደሉን አንድ በአንድ አነባለሁ፤ ልምድ የሚለው አሁንም እዚያው አለ።

በሀዲያ በዓላችን በያሆዴ እኔ ለሴትየዋ እደውላለሁ፤ በከምባታ በዓላቸው በመሳላ እሷ ትደውልልኛለች። ጉልበቴን ትጠይቀኛለች፣ ልጅቷን ትጠይቀኛለች። እኔም በተራዬ ያንኑ እጠይቃታለሁ፤ ልምዱን ከየት ታምጣ? እንደ ድሮው መመሪያው ነው አትለኝም። ስልኩንም አትዘጋም።