ቁልቁለት ላይ የሚያድረው መኪና

የአባቴ አሮጌ የጭነት መኪና ጠዋት ቁልፍ ሲነካው ይነሳል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አንዴ ከጠፋ ግን እምቢ ነው። አባቴ ለዚህ ያገኘው መላ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ማቆም ነው፤ ፍሬኑን ለቆ ያንከባልለውና ማርሽ አስገብቶ ያስነሳዋል። አሰላ ደግሞ ቁልቁለት አይቸግራትም። ባለፈው ወር ከሰፈራችን በታች ሲያንከባልለው ሞተሩ ሳይነሳ ቀረና የሰው አጥር ገጭቶ ቆመ። አጥሩ ሥር ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ሴት ወደ ቤት የገባችው ጥቂት ቀደም ብላ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ እንቅልፍ አጣች። «አብረሽው ሂጂ። በሽታው ምን እንደሆነ ሳታውቂ እንዳትመለሺ» አለችኝ። እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም፤ በዚያ ላይ የታወቅሁ ፈሪ ነኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ግን ማምለጫ አጣሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሳጉሬ

ድንች ለመጫን ሳጉሬ ደረስን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ የገብሱ ማሳ ላይ ጉም ተኝቷል። ጫኞቹ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ሁለት ሰዓት ያህል ትኩስ ፓስቲ እየበላን ጠበቅን። አባቴ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

«አየሽ? ምን አለው?» አለኝ፣ ልክ እኔ ያማሁት ይመስል።

አሰላ ያሉ መካኒኮችም የሚሉት ይህንኑ ነው። በማለዳ መጥተው፣ ብርድ ላይ ያደረውን መኪና ያስነሱና «ምንም የለውም» ብለው ይሄዳሉ። ባትሪው ተቀይሯል። ሞተሩን የሚያዞረው ሞተሪኖ ሁለቴ ተፈትቶ ተገጥሟል።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ዴራ

አሰላንና ኢተያን አልፈን ወደ ቆላው ወረድን። በየመታጠፊያው እኔ የጋቢናውን ወለል በእግሬ እረግጣለሁ፤ ፍሬን ያለው እኔ ጋ ይመስል። አባቴ ይስቅብኛል። ዴራ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል።

ዴራ ሜዳ ነው። አባቴ ድንቹ እስኪራገፍ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ።

«አባዬ፣ አጥፋውና እንየው» አልኩት።

«እዚህ? ማን ሊገፋልሽ ነው?»

ነዘነዝኩት፤ አጠፋው። ከዚያ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይቀጣጠልም። ከአንድ ሰዓት በላይ ጥላ ሥር ተቀምጠን ከቆየን በኋላ ተነሳ። ማስታወሻዬ ላይ «ሲበርድ ይነሳል» ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ለመልስ ጉዞ ሽንኩርት ጫንን። የሽንኩርቱ ባለቤት ዘይነባ የምትባል፣ ዴራ ላይ በመስኖ የምታርስ ሴት ናት። ሽንኩርቷን አሰላ ልትሸጥ ከእኛ ጋር ጋቢና ገባች፤ በእግሮቿ መሃል የውሃ ጀሪካን ይዛለች። በኦሮምኛም በአማርኛም ስትቀልድ መንገዱ ቀለለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ የኢተያ አቀበት

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። አቀበቱ መሃል ከብቶች መንገዱን ሞሉት። አባቴ ቆመ፤ ሊነሳ ሲል ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። ቁልፉን አዞረ። ምንም። ከኋላችን ሰው የሞላው ሚኒባስ ቆሟል።

«ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጌ የኋላ ማርሽ አስገብቼ አስነሳዋለሁ» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ ኋላህ ሰው አለ!»

ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ እንደሚደነድን፣ የእጅ ፍሬኑም ባዶ መኪና እንጂ ጭነት እንደማይችል ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። አባቴ በሁለት እግሩ ፍሬኑን ተጭኖታል። ከዚያ በዕድሜዬ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ «ልጄ፣ ቶሎ በይ። እግሬ እየከዳኝ ነው» አለኝ።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ዘይነባም ወርዳለች። ለሚኒባሱ «ውረዱ! ውረዱ!» እያልኩ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሳሁ፤ በሌላ ቀን የማልነቀንቀውን ድንጋይ። መኪናው አንድ ክንድ ያህል ወደ እኔ መጣ። ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር ወርውሬ ዘለልኩ። ጎማው ድንጋዩ ላይ ጥቂት ወጣና ቆመ። ዘይነባ ሌላውን ጎማ በድንጋይ አስደገፈች። አባቴ ሲወርድ በሩን ይዞ ነው የቆመው፤ እኔም እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

«አብሽሩ ጋሼ፣ አላህ አትርፎናል» አለችው ዘይነባ። ቀጥላም «እስቲ ኮፈኑን ይክፈቱት። የእኔ የመስኖ ሞተርም ሲሞቅ እንዲህ ያደርገዋል» አለች።

ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ፖምፓ አሳየችን። ሻርፗን ከጀሪካኑ ውሃ ነክራ ጠቀለለችበት፤ ሲደርቅ እንደገና ነከረችው።

«ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ያረጀ ፖምፓ ደግሞ ቀጭኑን መግፋት ያቅተዋል፤ ያመልጠዋል። ሲበርድ ግን ደህና ነው። እናንተ ደጋ ስለሆናችሁ ሳይታወቅባችሁ ኖረ።»

ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። አባቴ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። ማንም አላጨበጨበም። ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እያጉረመረሙ ተሳፈሩ። ከዚያ እስከ አሰላ እኔ ወለሉን መርገጥ አልተውኩም፤ አባቴም በዚህ ጊዜ አልሳቀብኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቤት

ዘይነባን ከነሽንኩርቷ ገበያ አድርሰን ሰፈር ስንገባ አባቴ የለመደውን ቁልቁለት አለፈው። የቤተሰቡ ሁሉ ዓይን እያየ መኪናውን ግቢያችን ሜዳ ላይ አቆመና አጠፋው።

እናቴ በር ላይ ነበረች። «ምን ሆኖ ነው? አገኛችሁት?»

በሽታውን አግኝቼላት ነበር፤ ማስታወሻዬ ላይም ጽፌዋለሁ። አቀበቱ ላይ አባቴ ያለኝን ግን አልጻፍኩም፤ ልንገራት አልንገራት እያልኩ አባቴን አየሁት።

«ፖምፓው ነው፤ አርጅቷል። እሱስ ይሠራል» አለ። ተኝቶ እንኳ ከኪሱ የማያወጣውን ቁልፍ አውጥቶ እናቴ መዳፍ ላይ አኖረው። «እግሬን ግን ማን ይሠራዋል? ሹፌር ፈልጉ።»

ያን ሌሊት እናቴ ተኛች። ሲገላበጥ ያደረው አባቴ ነው።