ኩልል ያለው ፈሳሽ

ከደብረ ታቦር ያመጣሁትን ሻንጣ በቅጡ ሳልፈታ ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ሥራ ጀመርኩ። የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ታደሰ የጋውኔን ቁልፍ እስክቆልፍ እንኳ አልጠበቁኝም። አንዲት የጥቁር ቀለም ጠርሙስ ከመደርደሪያ አውርደው እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ታውቂዋለሽ?»

«ኢንዲያ ኢንክ ነው። ትምህርት ቤት አይቼዋለሁ።»

«እዚህ ደግሞ ትሠሪበታለሽ። ከታማሚ ጀርባ በመርፌ የተቀዳ፣ አንጎልን የሚከብ ፈሳሽ ሲመጣልሽ፣ ነጭ ሴል ኖረም አልኖረም፣ በዚህ ሳታዪ ውጤት አትጻፊ።»

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ፈሳሹ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። ከሥሩ ከረጋው አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ይደረግና ከቀለሙ ጋር ተቀላቅሎ በስስ መስታወት ይሸፈናል። ክሪፕቶኮከስ የምትባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ካለች ወፍራም ልባስ ስላላት ቀለሙ አይዘልቃትም። በጥቁሩ መሐል ነጭ ክብ ሆና ትታያለች።

የፈረቃ ጓደኞቼ ግን ነጭ ሴል ካልቆጠሩ ቀለሙን ይዘሉት ነበር። «ጠላት ካለ ወታደር ይወጣል። ወታደር ከሌለ ምን ትፈልጊያለሽ?» ይሉኛል። እኔም ለመድኩ።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ፣ ከቱላ የመጣ ባለ ሱቅ ተኝቶ ነበር። ዳንጊሶ እንበለው፣ ስሙን ቀይሬዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሱን አሞታል። የምርመራ ወረቀቱ ላይ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ማቋረጡ ተጽፏል። የጀርባውን ፈሳሽ ይዛ የመጣችው ሚስቱ ማርታ ነበረች።

«ስስተር፣ ዶክተሩ ንጹሕ ከሆነ ዛሬ ትወጣላችሁ ብሎናል። ቶሎ በይልን እሺ?»

ፈሳሹ የምንጭ ውሃ ይመስል ኩልል ያለ ነው። ብቆጥር ሁለት ነጭ ሴል ብቻ። ሰዓቴን አየሁ፤ ለሰባት ሩብ ጉዳይ። የጾም ቅዳሴ ሊገባ ነው። ቀለሙን ሳልነካ «ምንም አልታየም» ብዬ ጻፍኩና ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ካህኑ ስለ ሕሙማን ሲጸልዩ ሐሳቤ ወደዚያች ቱቦ ሄደ። ምንም አልታየም ብያለሁ። ግን የት አየሁ? ሰዎቹ እየወጡ ይሆናል። ቱቦውንም የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ብርቄ በዘጠኝ ሰዓት በረኪና ውስጥ ትነክረዋለች። ጥግ ጥጉን ይዤ ወጣሁና ባጃጅ ያዝኩ።

እትዬ ብርቄ የፕሮቴስታንት ቸርች ዘማሪ ናት። ባልዲዋን ይዛ ቱቦዎቹ አጠገብ አገኘኋት።

«እንዴ! ቅዳሴው አለቀ?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ ምን ረሳሽ?»

«ሥራዬን።»

«እኛ ጋ ነይ ስልሽ! የኛ እሑድ ነው፤ ሥራ አያስረሳም» ብላ እየሳቀች ባልዲውን መለስ አደረገችልኝ።

ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ስላይዱን ሠራሁ። የማይክሮስኮፑን ብርሃን ቀነስኩ። ጥቁሩ ውስጥ አንድ ነጭ ክብ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አንዷ በጎኗ ትንሽ ልጅ ያወጣች። በሌንሱ የሚታየው ሁሉ እነሱ ነበሩ።

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ማርታ ብርድ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«አትውጡ። የጻፍኩት ስህተት ነው» አልኳት።

«ስህተት? እና ምን አለበት?»

«ዶክተሩ ይነግራችኋል። ግን መድኃኒት ያለው ነገር ነው።»

ሰኞ አቶ ታደሰ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይቺ ፈንገስ አፈር ውስጥ አለች፤ የርግብ ኩስ ውስጥ አለች። አንቺም እኔም ሳንተነፍሳት አንቀርም። ጤነኛ ሰው ሳንባ ውስጥ ነጭ ሴሎች ይውጧታል ወይም ከበው ይይዟታል። ኤች አይ ቪ ግን ትእዛዝ ሰጪዎቹን ሴሎች ይጨርሳቸዋል። ያኔ ዋጮቹ ይዳከማሉ። ልባሷም በቀላሉ እንዳትዋጥ ይከላከልላታል። ስለዚህ ፈሳሹ ኩልል ብሎ ይመጣል።»

«ታዲያ ራስ ምታቱ?»

«ከልባሷ የሚላቀቀው ነገር ፈሳሹ የሚወጣበትን መንገድ ይደፍናል። ጭንቅላት ውስጥ ግፊት ይጨምራል።» ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ቀለሙ የሽማግሌ ሥርዓት መስሎሽ ነበር፣ አይደል?» አሉኝ።

ዳንጊሶ የፈንገሱ መድኃኒት ተጀመረለት። ግፊቱም እንዲቀንስ ፈሳሹ በየጊዜው ይቀዳለት ነበር። አንድ ቀን ማርታ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ።

«ስስተር፣ የዋናው በሽታ መድኃኒት ለምን ዘገየ? ረሱን እንዴ?»

«አልረሷችሁም። ፈንገሱ ገና ሳይቀንስ መከላከያው በአንድ ጊዜ ቢነቃ ጭንቅላቱ ውስጥ እብጠት ያመጣል። ጥቂት ሳምንት ይጠብቃሉ።»

ትንሽ አሰበች። «ገባኝ። የሱ ወንድሞችም ሊያስታርቁን ተሰብስበው ሲመጡ ጠቡ ይብሳል።»

ዳንጊሶም ሆስፒታል እንደገባ አልቀረም፤ ከሳምንታት በኋላ በራሱ እግር ወጣ። ማርታ ከሱቃቸው ሙዝ በፌስታል አመጣችልኝ። የጾም ነው ብላ አስባበት።

ቅዳሴ አቋርጬ መውጣቴ ግን ከንክኖኝ ስለነበር ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«ሰውየው ተረፈ?»

«ተረፈ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ወጥተሽ መሄድሽን ተይው። ሥራሽን ሳትጨርሺ መምጣትሽን ተናዘዢ።»

ዛሬ አቶ ታደሰ ጡረታ ወጥተዋል፤ ጠርሙሷን ለአዲስ ገቢዎች የምሰጠው እኔ ነኝ። የምነግራቸውም አጭር ነው። የነጭ ሴል ቁጥር የሚናገረው ስለ ሰውየው መከላከያ ነው፤ ጀርም ስለ መኖር አለመኖሩ አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ እዩ። ያላያችሁትን አልታየም ብላችሁ አትጻፉ።