ባለፈረሱ ድምፃዊ

ፈረሱ የጋሪ ፈረስ ነበር። ፖስተሩ ላይ ግን ጋሪው የለም። ቀይ ዘርፍ የተንጠለጠለበት ፈረስ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው፣ ከኋላቸው አቧራ ብቻ። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ያ አቧራ ነው። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ነፋስ ሲያነሳው ወርቅ ይመስላል። እውነተኛው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ፎቶ ቤት እሠራለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር እናቴ ነርስነት ግቢ አለችኝ። መርፌ አልወድም፤ አንድ ቦታ መቀመጥም አልወድም። ፖስተሩ ላይ ያለው ሰው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እየዘፈነ ከሰርግ ሰርግ ይዞራል። ድምፁን የሰማ አይረሳውም፣ መልኩን ግን ማንም አያስታውሰውም። አንድ ሰርግ ላይ ዘፍኖ ከመድረክ እንደወረደ አንዲት ሴትዮ "አንተ፣ እዚህ ውሃ ጨምር" አለችው። ሄዶ ጨመረላት።

"ማናጀር ያስፈልግሃል" አልኩት።

"ማንን ላምጣ?"

"ፊትህ የቆምኩት ምንድን ነኝ?"

ለፖስተሩ ፎቶ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ባለጋሪ ለመንን። ፈረሱን ፈታልንና ገመዱን ይዞ ካሜራው ከማያየው ቦታ ሳር ውስጥ ተጋደመ። ድምፃዊዬ የተዋስነው ኮርቻ ላይ ሲወጣ ፊቱ አመድ መሰለ። ልጅ ሆኖ የጋሪ ፈረስ ትከሻውን ነክሶታል፣ ጠባሳው አሁንም አለ። ይህን የነገረኝ ከወጣ በኋላ ነው። ዓይንህን ግለጥ ብለው አልገልጥ አለ፤ የራሴን ጥቁር መነጽር አውልቄ አደረግኩለት። ዛሬ ልጆች "የእሱ ስታይል" እያሉ የሚገዙት መነጽር የመጣው ከዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ የማልቆጣጠረው ነገር አልነበረም። የፌስቡክ ገጹን የምጽፍለት እኔ፣ ልብሱን የምመርጥለት እኔ። ሰው ፊት አትሳቅ፣ መንገድ ላይ አትብላ፣ ባጃጅ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን አትቀመጥ። ሁሉንም ሰማኝ። ስሙ "ባለፈረሱ" ሆነ። ውሃ ጨምር የሚለው ጠፋ፤ አብሬህ ፎቶ ልነሳ የሚለው በዛ። እሱ ግን ከተማ ውስጥ ጋሪ ባየ ቁጥር መንገድ ይሻገራል።

ጥር ላይ ከሁሩታ ተደወለ። ልጃቸውን የሚድሩ አባት ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። "ሚዜዎቹ በፈረስ ነው የሚሄዱት፤ እሱ ከፊት ይሁንልን። ጥሩ ፈረስ አለኝ" አሉ። እኔ ቸኩዬ እሺ አልኩ። እሱ ሲሰማ ትከሻው ላይ ያለውን ጠባሳ ያሻሽ ጀመር።

ጠዋት የድምፅ ማጉያዎቹን የጫነውን መኪና ተከትለን ወጣን። ዴራን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። ጉም ነበር። የታጨደው የስንዴ ማሳ ከጉሙ ሥር እንደ ሐይቅ ተኝቷል፤ አንድ ኮምባይነር መሀሉ ላይ ቆሞ መርከብ ይመስላል። በመስኮቱ እያየሁ አገሩ ሁሉ የተረሳ ዜማ የሚያንጎራጉር መሰለኝ።

"ዛሬ ከወደቅኩ መነጽሩ ይወልቃል" አለ እሱ። "ከዚያ ማን ልባል ነው?"

"ያው አንተ ነሃ።"

"እሱንማ ማን ያውቀዋል።"

መስኮቱን ዘጋሁት።

ፈረሱ ነጭ ነበር። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ቀዩ ዘርፍ ታየ፣ ቀጥሎ ትንፋሹ፣ መጨረሻ ላይ ራሱ። ልጓሙን የያዙት አባትየው ናቸው። ሚዜዎቹ ፈረሶቻቸው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ ነው፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ደቅኗል። ድምፃዊዬ ሄደና ከሽማግሌው ፊት ቆመ። እግሩን ወደ እርካቡ አነሳ። መለሰው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

"አባ፣ ናን ሶዳዳ" አለ በኦሮምኛ፣ እፈራለሁ ማለቱ ነው።

"ማንን? እኔን?"

"ፈረሱን።"

አባትየው አላፈጠጡበትም። ዞረው እኔን አዩኝ። "ፎቶው ላይ ያስቀመጠችህ ይቺ ናት?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

"አንቺስ መጋለብ ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያስ ሁለታችሁም በእግራችሁ።" የእሱን እጅ ይዘው ፈረሱ አንገት ላይ አሳረፉት። "እሱም አንተን ፈርቷል። ይሄን ሁሉ ሞንታርቦ ጭነህ ስትመጣ ምን ይበል?"

ከፊት ሄደ፣ በእግሩ፣ ፈረሱን እያስከተለ። መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማሳውን ስናቋርጥ ግን ከጉሙ ጋር አብሮ ተነሳ። እንዲያ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። እኔ ከኋላ በተረከዝ ጫማዬ ገለባ ላይ እየሰመጥኩ፣ ይሄ ሁሉ መነጽር ምን ሊያደርግለት ነበር እያልኩ ተከተልኩት።

ድንኳኑ ውስጥ ማይኩን ሲይዝ ዘፈን አልጀመረም። "እኔ ፈረስ እፈራለሁ" አለ። "ፎቶው ላይ ያለው የጋሪ ፈረስ ነው።" ሰው በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ የቀረጸው ቪዲዮ ተለቀቀ። ሥሩ የተጻፈውን አነበብኩለት። "ለፈረሱ አዝኖ በእግሩ ሄደ።" "ትሕትናው ይገርማል።" "ፈረሱን ያከበረ ይከበር።"

"በማይክ ተናገርኩ እኮ" አለ።

"በማይክ የተነገረ ሁሉ ዘፈን ይመስላቸዋል።"

አልሳቀም። ገጹ ላይ ያለውን ፖስተር አንሺልኝ አለኝ። ተከራከርኩት፣ ተቆጣሁት፣ በመጨረሻ አነሳሁት። ቦታው ባዶ ሲሆን የሆነ ሰው ከቤት የወጣ መሰለኝ።

ከሳምንት በኋላ ሸንኮራ ገዝተን ቆመናል፣ እሱ መነጽር የለውም፣ ያንን ሸንኮራ መንገድ ላይ ይመጠምጣል። አንድ ጋሪ አጠገባችን ቆመ። ኋላ የተቀመጠች አንዲት ባለዘንቢል ሴት ትክ ብላ አየችውና "አንተ፣ ያ ፈረስ የሚፈራው ዘፋኝ አይደለህም?" አለችው።

"ነኝ" አለ አፉ እንደሞላ።

"ና ታዲያ፣ ይሄ አይናከስም።"

ሰው ፊት አትሳቅ ብዬዋለሁ። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሳቀ፣ ሸንኮራውንም እጁን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ ራሱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ለፈረሱ ሰጠው።