ልጄን እንዲያስቀርልኝ የተማመንኩበት ጎማ ሠሪ

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሰውም እንደዚያ ቀን አክብሬ አላውቅም።

የመጨረሻ ልጄ ማህሌት ኪርጊዝስታን የሚባል አገር ሄጄ ሦስት ሳምንት ተራራ ለተራራ በእግሬ ልዞር ነው አለችኝ።

"ተራራ ከሆነ እዚሁ አጠገባችን ባንፍ አለልሽ አይደል፤ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ነው" አልኳት።

"አባዬ፣ ቲኬቱን ቡክ አድርጌያለሁ። አንተ መርቀኝ ብቻ።"

"አልመርቅም" አልኩ። እኔ አንዴ አልኩ ማለት አልኩ ነው። እሷም እንደኔው ናት። ያለ ምርቃት መሄዱ ግን ከብዷት እህል አልወርድ ብሏት ነበር።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ብልሃት መጣልኝ። በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ራንድል የሚባል ሰፈር ውስጥ ጎማ የሚቀይርልኝ ባኪት የሚባል ሰው አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቻይናዊ ይመስለኝ ነበር፤ የኪርጊዝስታን ሰው መሆኑን ከአፉ የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው። አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ክፉ ክፉውን ነው የሚያወራው ብዬ አሰብኩ። እኔ ራሴ ሰው ስለ አገሬ ሲጠይቀኝ እንደዚያው ነበርኩ። "ጎማ ላስቀይር ነው፣ ንጂልኝ" ብዬ ይዣት ሄድኩ።

"ይህች ልጄ አገርህ ልትሄድ ነው። እውነቱን ንገራት" አልኩት።

ባኪት ሥራውን አቆመ። እጁን በሳሙና ታጥቦ መጣና አንድ ጎማ ላይ አስቀመጣት፤ እሱም ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። በየት በየት እንደምትሄድ ጠየቃት። እንግሊዝኛው እንደኔው ስብርባሪ ስለሆነ ሁሉም ገባኝ።

"ወደ ላይ ቀስ ብለሽ ውጪ። ራስሽን ካመመሽ በዚያው ቀን ውረጂ፤ ጓደኞችሽ ቢስቁብሽም ውረጂ። ከበረዶ የሚመጣ ወንዝ ጠዋት ተሻገሪ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታቀልጠው ይሞላል። ከከተማ ስትወጪ ካሽ ያዢ። ድንበር አጠገብ የምትደርሺ ከሆነ ፈቃድ ቀድመሽ አውጪ። ሰው ቤት ዳቦ ካቀረቡልሽ ትንሽም ብትሆን ቁረሽ፤ ዳቦውን ግን ገልብጠሽ አታስቀምጪ፤ ነውር ነው።"

ማህሌት ስልኳ ላይ ትጽፋለች። እኔ ማስፈራሪያውን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም።

"አደጋውስ?" አልኩት።

"ምን እየነገርኳት መሰለዎት አባባ? ልትሄድ ነው እኮ። የማትሄድ ቢሆን ይህ ሁሉ ምን ያደርግላታል?"

ሰውየውን ያን ጊዜ ነው ልብ ብዬ ያየሁት። አገሩን አላስዋበ፣ አላንኳሰሰ።

ከዚያ እናቱ ጋ በቪዲዮ ደወለ። እዚህ ከሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ እዚያ ጎሕ ሲቀድ። አሮጊቷ ባልዲ ይዘው ላም ሊያልቡ ሲወጡ ነው ያገኛቸው። ልጄ በመንደራቸው እንደምታልፍ ሲነግራቸው "እኔ ቤት ታድራለች" አሉ። ቀጥለው አንድ ነገር ጠየቁ።

"አባቷ መርቋታል ወይ ነው የሚሉት" አለ ባኪት። "እኛ አገር ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሳይመርቅ ሰው መንገድ አይጀምርም።"

ማህሌት አንገቷን ደፋች። እኔ ወደ ጎማዎቹ ዞርኩ። አሮጊቷ ይህን አዩና ባልዲውን አስቀመጡ። ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው የማያውቋትን ልጅ መረቁ፤ ሲጨርሱ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። ማህሌት አለቀሰች። እኔ አባቷ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ "ጎማውስ አባዬ?" አለችኝ።

"ደህና ነው።"

"አውቄያለሁ" አለች።

ሄዳ በደኅና ተመልሳለች፤ አሮጊቷ ቤት ሁለት ሌሊት አድራለች። እኔም ዛሬ ስለ አገሬ የሚጠይቀኝ ሲመጣ፣ የቱ መንገድ እንደሚያስቸግር የቱ ደህና እንደሆነ፣ ለሚሄድ ሰው እንደሚነገር አድርጌ እነግረዋለሁ። ያስተማረኝ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎማ ሠሪ ነው፤ ብናገረው አላፍርም።

ባኪት ጋ በሄድን ማግስት፣ ልትሄድ በተነሳችበት ጠዋት፣ የማህሌትን ክፍል አንኳኳሁ። ስትከፍት ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። "እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ፤ እግዜር በሰላም ያግባሽ" ብዬ መረቅኋት። ከዚያ ሻንጣዋን ራሴ ተሸክሜ ወደ መኪናው አወረድኩት።