ድኝ ያዛመደን

የያዙኝ ሰዎች ከእኔ ይልቅ ለደብተሬ ይጠነቀቁ ነበር። እኔን እየገፉ፣ ደብተሩን ግን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልለው ወሰዱን። ከተማው ውስጥ ተኩስ በተሰማ በሦስተኛው ቀን ነው። ሐምሌ ገብቷል፤ ደብረ ታቦር ጉም ለብሳለች፤ ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በግድግዳው ስንጥቅ ነቀዝ ይርመሰመሳል፤ መስኮት የሚሉት ከቁመቴ በላይ ያለ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቀዳዳ ነው።

ጥፋቴ አማርኛ ነበር። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ የሸመደዱትን ከፈተና በኋላ ስለሚረሱት፣ ማስታወሻዬን በራሳችን ቋንቋ እጽፍላቸው ነበር። በዚያ ሰሞን የያዝኩት ርዕስ በብርሃን የሚጠጥር ሙጫ ነው። ሙጫው ፈሳሽ ሆኖ ጥቂት ቢጫ ዱቄት ይገባበታል። የዱቄቱ ሞለኪውል ጎን ለጎን የተያያዙ ሦስት ቀለበቶች አሉት፤ በመካከለኛው ቀለበት ላይ ድኝ ተቀምጧል። ብርሃን ሲያርፍበት ይነቃና የሙጫውን ቅንጣቶች አንዱን ከአንዱ ማያያዝ ያስጀምራል። ፈሳሽ የነበረው ድንጋይ ይሆናል። የተሰነጠቁ የቤተ ሙከራ ብርጭቆዎች ልንጠግንበት አስበን ነበር። ለዱቄቱ የአማርኛ ስም ሳፈላልግ ሰነበትኩና «መለኮሻ» አልኩት። ኮርቼበትም ነበር።

መርማሪው ወጣት ነው። አይጮህም፣ አይማታም። ደብተሩን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ።

«ድኝ ያለበት መለኮሻ ብርሃን ሲያገኝ ሰንሰለቱን ያስጀምራል።» ቀና አለ። «ሰንሰለቱ እነማን ናቸው?»

«ሞለኪውሎች ናቸው።»

«ስማቸውን ጻፍልኝ።»

ጻፍኩለት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየውና «ትቀልዳለህ» አለኝ።

«የጥርስ ሐኪም ጋ ሄደው ያውቃሉ? ጥርሱን ሞልቶ ሰማያዊ መብራት የሚያበራበት...» አልኩት። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ይችላል፤ አንቱ ያልኩት በፍርሃት ነው።

«እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ እንደ መካሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህ ደብተር ፈንጂ መሥሪያ ነው ከተባለ ዕድሜዬን እስር ቤት እንደምጨርስ ነገረኝ።

አጠገቤ የሚተኙት ከእብናት ወዲያ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እሳቸውንም ያሳሰራቸው ድኝ ነው። ቤታቸው ሲፈተሽ ለበግ እከክ ያስቀመጡት ድኝ ተገኘ፤ አጎታቸው ደግሞ በዘመናቸው ባሩድ ይወቅጡ እንደነበር አገር ያውቃል። የእኔን ጉዳይ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ድኝ አዛመደን» አሉኝ።

የሚያሳስባቸው ጤፋቸው ነበር። የተያዙት መሬቱን አለስልሰው፣ ዘር ብቻ ሲቀር ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያዳምጡና «ዛሬ ነበር መዝራት» ይላሉ።

በሳምንቱ አንድ ጠዋት ሁለታችንንም አንድ ላይ ጠሩን። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬ፣ አስቀድሞ የተጻፈ የምስክርነት ወረቀትና የአሻራ ቀለም ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እርስዎ ባሩድ ያውቃሉ» አላቸው መርማሪው። «ደብተሩን ላንብብልዎት። የባሩድ አሠራር ነው ካሉ እዚህ ላይ ጣትዎን ያሳርፋሉ፤ ዛሬውኑ አገርዎ ይገባሉ።»

አነበበላቸው። ሽማግሌው የአሻራ ቀለሙን ትክ ብለው አዩት። ጤፉን እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ፤ አልፈረድኩባቸውም።

«እስቲ ድገመው» አሉ።

ደገመላቸው።

«ከሰሉስ?»

«የምን ከሰል?»

«ከሰል የለበትም? ከዋሻ የሚጫረው ነጭ አፈርስ?»

መርማሪው ገጹን አገላበጠ። «እዚህ አልተጻፈም።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ባሩድ ነው? ድኝ ብቻውንማ የበግ መድኃኒት ነው!»

«አባባ፣ ጤፍዎ እንዳያልፍብዎት ብለን እኮ ነው።»

«ጤፉማ አልፎብኛል» አሉ። «በሐሰት ባሳረፍኩት ጣት ግን ዘር አልጨብጥም። በል መልሰኝ።»

ሳይፈቀድላቸው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ለበሱ፣ በሩ እስኪከፈትላቸው ቆመው ጠበቁ።

እኔ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተፈታሁ። ለምን እንደታሰርኩ እንጂ ለምን እንደተፈታሁ የነገረኝ የለም። እሳቸውን እስከ ኅዳር አቆዩአቸው።

አምና ፈልጌ አገኘኋቸው። «መሬትዎ በእኔ ምክንያት ጦም አደረ» አልኳቸው።

ተቆጡ። «ኧረግ! አንተን ብዬ መሰለህ? ባሩድን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ልጅ ባሩድ ነው በል ይለኛል! አጎቴ ይህን ቢሰሙ ከመቃብር ይነሡ ነበር።»

ሳቅን። ያን ዓመት እንዴት እንዳለፉት ግን አልነገሩኝም። አንዱን በሬያቸውን ለቀለብ እንደሸጡትና አሁን ከሰው በሬ ጋር እያቀናጁ እንደሚያርሱ የሰማሁት ከጎረቤታቸው ነው። አፈርኩ።

ያችን ጠዋት ደጋግሜ አስባታለሁ። ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው «እኒህ ሰውዬ ባሩድ ይሠራሉ ብለህ ፈርም፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» ቢሉኝ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ልጄ ሊሆን የሚችለውን መርማሪ በፍርሃት አንቱ ማለቴን ስለማስታውስ መልሱን እጠረጥረዋለሁ።

ሊሸኙኝ እስከ መንገዱ ድረስ ወጡ። እጄን እንደያዙ «ደግሞስ አንተም ብትሆን ለእኔ እንደዚያው ታደርግ ነበር» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።