የጋሼ መዳፍና የዘር ጤፍ

ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ካለ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም። በኋላ አንድ ትልቅ ኩባንያ ቀጠረኝ። ለባንኮች ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ደመወዙ ጥሩ፣ ወንበሩም ተሽከርካሪ ነበር፤ ግን በጻፍኩት ነገር ሲጠቀም ያየሁት አንድም ሰው የለም። በምሳ ሰዓት ስለ ዘረመል ማንበብ ጀመርኩ። የሕይወት መመሪያ በአራት ፊደላት ብቻ እንደሚጻፍ ያነበብኩ ቀን ልቤ ከዚያ ቢሮ ወጣ።

ባዮሎጂ ካጠና ጓደኛዬ ጋር የእህል ዘር የሚመረምር ድርጅት ከፈትን። እሱ ከፍሬው ዲኤንኤ ያወጣል፤ የእኔ ፕሮግራም ውጤቱን አንብቦ ዝርያውን ይለያል። የጎደለን ደንበኛ ነበር። ካላገኘን መዝጋታችን ነው።

መርካቶ ወዳለው የእህል ገበያ፣ እህል በረንዳ ሄድኩ፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ ወደተሸከመላቸው ጤፍ ነጋዴ፣ ወደ ጋሼ። ጋሼ ከክረምት በፊት ለአገራቸው ገበሬዎች የዘር ጤፍ ይመርጣሉ። ከጆንያው ዘግነው እፍ ይላሉ፤ መዳፋቸው ላይ የቀረውን በአውራ ጣታቸው ያሹታል። "ንጹሕ ነው፣ ዝሩት" ካሉ ክርክር የለም። ከዘር ጤፉ ወስጄ ልመርምርልዎ አልኳቸው።

"ቢሮ ለቆ ጤፍ ሊቆጥር መጣ!" አለ አንድ ተሸካሚ።

"ኮምፒውተርህ እንጀራ ቀምሶ ያውቃል?" አሉኝ ጋሼ እየሳቁ። "በል ውሰድ። ወላሂ፣ እዚህ ውስጥ ባዕድ ፍሬ ካገኘህ ሱቁ ያንተ ነው!"

ከጆንያው አናት፣ ከወገቡና ከሥሩ ለየብቻ ወሰድኩ። ውጤቱ ሁለት ዝርያ ሆነ፦ በዓይን አይለያዩም፣ አንደኛው ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ስላላመንኩ ደገምነው። ያው ነው።

ስነግራቸው አልተቆጡም። "ገበሬዎቹ ግማሹ ማሳ ሲደርስ ግማሹ ለምለም ነው ሲሉኝ፣ ዝናቡን ነበር የምንረግመው" አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ "ስንት ዓመት እንዲህ ሰጥቻቸው ይሆን?"

ልክ መሆኔን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

በዚያው ሳምንት የመጀመሪያ ደንበኛችን ሆኑ። ሌሎቹ ነጋዴዎችም እሳቸውን አይተው ተከተሉ። ድርጅቱ ተረፈ።

ባለፈው ግንቦት ናሙና ልወስድ ሄጄ ሳለ አንድ አዛውንት ገበሬ ከጋሼ አገር መጡ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጤፉን ዘገኑ፤ ሊነፉም ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ። ከዚያ እኔን አዩኝና ጤፉን መልሰው ጆንያው ውስጥ አፈሰሱት።

"እሱን ይጠይቁት።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" አሉ ገበሬው።

"እኔማ ምን አውቃለሁ።"

ጤፉን ወስጄ እንደምመረምር፣ ጥቂት ቀን እንደሚፈጅም ለገበሬው አስረዳሁ። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ዓይናቸው ግን ከጋሼ መዳፍ ላይ አልተነሳም።